የተሠራ ጠብ

አስማሚ የሚሠለጥነው በሦስት ወረቀት ነው። አንደኛውን ሁሉም ያነበዋል። ሁለተኛው ለአንደኛዋ ባለጉዳይ ብቻ፣ ሦስተኛው ለሌላዋ ብቻ ይሰጣል። አስማሚ ሆኖ የሚለማመደው ሠልጣኝ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይገባል። በቀሩት ሁለት ወረቀቶች ላይ የተጻፈውን የሚያገኘው ጠይቆ፣ አድምጦ፣ ጠብቆ ነው። በሥልጠናው ውስጥ ሕግ አለ፤ ንድፈ ሐሳብም አለ። ሰው እጁን የሚያፍታታው ግን በእነዚህ ሦስት ወረቀቶች ነው። ጠቡ እውነተኛ አይደለም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሠርቶታል። እንዴት እንደተሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል።

ሽማግሌ እንዲህ አይሠለጥንም። በልጅነቱ ከዛፉ ጥላ ዳር ይቀመጣል፤ ውሃ ያቀብላል፤ ይላካል። ተጣዪዎቹ «እስኪ ፈቀቅ በሉልን» ተብለው ሲሄዱ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን ይሰማል። ዓመታት ያልፋሉ። ፀጉሩ ሸበት ሲል አንድ ቀን ዞር ብለው «አንተስ ምን ትላለህ?» ይሉታል። ሥልጠናው ይኸው ነበር፤ ማንም ሥልጠና አላለውም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አመጣ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1237 የግልግል ዳኝነትንና የእርቅን አሠራር ደነገገ። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ሰው ከሽማግሌው በጥቂቱ ይለያል። ባለጉዳዮቹን ከዚያ ቀን በፊት አይቷቸው አያውቅም። አይፈርድም፤ አይገሥጽም፤ «በቃ በእኔ ሞት» ብሎ አይለምንም። ጉልበቱ ያለው በጥያቄው ብቻ ነው። የመነሻ ሥልጠናው በብዙ አገር 40 ሰዓት ገደማ ነው። ሽማግሌው በ30 ዓመት ያየውን ጠብ በአንድ ሳምንት ማየት ስለማይቻል፣ ጠቡ ተጨምቆ በወረቀት ይቀርባል። ወረቀቱ በደንብ ካልተሠራ 40ው ሰዓት የንግግር ሰዓት ሆኖ ያልቃል።

በሙያው ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ፓርከር ፎሌት እ.ኤ.አ. በ1925 በጻፈችው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ሐርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጣለች። አብሯት ያለው ሰው መስኮቱ እንዲከፈት ይፈልጋል፤ እርሷ እንዲዘጋ። ሰው ያልነበረበትን የጎረቤት ክፍል መስኮት ከፈቱ። እርሱ የፈለገው አየር ነበር፤ እርሷ የጠላችው በቀጥታ የሚመታትን የሰሜን ነፋስ ነበር። ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህንኑ ታሪክ ወስደው በዓለም አሰራጩት። የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይነሳል፦ ሰው የሚጠይቀው ነገርና የሚጠይቅበት ምክንያት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአስተዳደር ምሁሩ ሮበርት ሃውስ ይህንን ሐሳብ ወደ ልምምድ ለውጦታል። ሁለት ሳይንቲስቶች አንድ ዓይነት ብርቅ ብርቱካን ይፈልጋሉ። በዓለም ላይ ያለው ብርቱካን ጥቂት ነው፤ ያለውም በአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱም ሕይወት ለማዳን ቸኩለዋል። በአንደኛው ወረቀት ላይ የሚያስፈልገው ጭማቂው እንደሆነ ተጽፏል፤ በሁለተኛው ላይ ልጣጩ። ቁልፏ አንዲት ቃል ናት። የተቀመጠችውም በረዥምና በሚያስጨንቅ ታሪክ መካከል ነው፤ የቸኮለ አንባቢ ያልፋታል። «ለምንድን ነው የሚፈልጉት?» ብሎ የጠየቀ በሁለት ደቂቃ ይጨርሳል። ያልጠየቀ በዋጋ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ሥራው ንጹሕ ነው። የሚያስተምረው ግን ግማሹን ይመስለኛል። ጭማቂና ልጣጭ ያለ አንዳች ፍርፋሪ ተለያይተው ይሄዳሉ። ከእርሱ ብቻ የተማረ ሰው ከጠብ ሁሉ ሥር የተደበቀ ስምምነት አለ ብሎ ያምናል። እውነተኛ ጠብ ውስጥ የሚገጥም ክፍል አለ፤ በስሌት የሚያንስ ክፍል አለ፤ አልገጥምም የሚል ክፍልም አለ። ጥሩ ልምምድ ሦስቱንም በልክ ይይዛል። ለአዲስ አበባ ሠልጣኝ የሚሆን አንድ እንሥራ።

የጋራው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አንዲት አከራይና አንዲት ተከራይ አሉ። ተከራይዋ በግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። በቀን 150 እንጀራ ታወጣለች፤ ከዚያ ውስጥ 50ውን የሚወስደው አንድ ምግብ ቤት ነው። ወሩ የካቲት እያለቀ ነው፤ ውሉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆያል፣ ስምንት ወር ቀርቶታል። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራይዋ ላለፉት ስድስት ወራት ሂሳቡ በድምሩ 9,000 ብር ጨምሯል፣ ይህንን የምትከፍለው ተከራይዋ ናት ትላለች። አልከፍልም ስትባል መብራቱን አራት ቀን አጠፋችው። ተከራይዋ ደግሞ ለአራት ቀን፣ በቀን 150 እንጀራ፣ አንዱን በ20 ብር አስልታ 12,000 ብር ኪሳራ ትጠይቃለች። ምግብ ቤቱም ሌላ ጋጋሪ ይዟል። አከራይዋ በጎረቤት ፊት «ሌባ» ብላታለች። ክፍሏንም አሁኑኑ እንድትለቅ ትፈልጋለች። መጨረሻ ላይ አንድ ተራ ዐረፍተ ነገር አለ፦ ተከራይዋ ሰሞኑን ወረዳ ስትመላለስ ታይታለች።

የአከራይዋ የግል ወረቀት ግማሽ ገጽ ነው። ልጇ በሰኔ አጋማሽ ከውጭ ይመጣል፤ ክፍሏን የምትፈልገው ለእርሱ ነው። ውሉን ራሷ ለምና ስላስፈረመች ይህንን መናገር አፍራለች። የምጣዱ ገመድ ሌሊት ሲግል በእጇ ነክታ አውቃለች፤ እሳት ትፈራለች። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ከሦስት ወር በፊት ለአንድ ተማሪ አከራይታለች፤ ልጁ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። የስድስቱ ወር የመብራት ደረሰኝ በቦርሳዋ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጭማሪው 1,000፣ 1,000፣ 1,000፤ ከዚያ 2,000፣ 2,000፣ 2,000።

የተከራይዋም ግማሽ ገጽ ነው። በማኅበር ተደራጅታ ከወረዳው ሼድ ተፈቅዶላታል፤ የምትረከበው ግን በግንቦት መጨረሻ ነው። እስከዚያ የምትገባበት የላትም። ሼድ ማግኘቷ ከታወቀ አከራይዋ ዛሬውኑ ታስወጣኛለች ብላ ትፈራለች። ለአንድ እንጀራ የዱቄት ወጪዋ 14 ብር ነው። መብራቱ በጠፋበት የመጀመሪያ ቀን የተቦካው ሊጥ ተበላሽቷል፤ በቀሩት ሦስት ቀናት አላቦካችም።

አሁን ቁጥሮቹን እናገላብጣቸው። በመጀመሪያው ቀን ሊጡም ትርፉም ጠፍቷል፤ 150 በ20፣ 3,000 ብር። በቀሩት ሦስት ቀናት ዱቄቱ ከነጆንያው ተቀምጧል፤ የጠፋው ትርፉ ነው። ከአንድ እንጀራ 6 ብር፣ በቀን 900፣ በሦስት ቀን 2,700። ድምሩ 5,700 ነው። 12,000ው ከግማሽ በታች ወረደ። ወደ መብራቱ እንሂድ። ጭማሪው በአራተኛው ወር በአንድ ጊዜ በእጥፍ የዘለለው ተማሪው ስለገባ ነው። የጋጋሪዋ ድርሻ በወር 1,000፣ በስድስት ወር 6,000 ብር ነው። 9,000ውም ወረደ። ሲገቡ ተከራይዋ ከአከራይዋ የተጣራ 3,000 ብር ጠያቂ ነበረች። ስሌቱ ሲያልቅ 300 ብር ባለዕዳ ሆነች።

ልምምዱ እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ተደርጎበታል። ቁጥሩ ማነሱ ብቻ አልበቃም፤ ወገን እንዲቀይር ተደርጓል። ቁጥሩን አስማሚው ራሱ አስልቶ «እንግዲህ 300 ብር ይከፍላሉ» ካለ ጠረጴዛው ይገለበጣል፤ ተከራይዋ ተበድላ መጥታ በድላ ልትመለስ ነው። ሠልጣኙ መማር ያለበት እስክሪብቶውን ማን መያዝ እንዳለበት ነው። ደረሰኞቹን አከራይዋ ራሷ ታንብብ። የዱቄቱን ሂሳብ ተከራይዋ ራሷ ትሥራ። አስማሚው «በአራተኛው ወር ላይ ምን ተለወጠ?» ብሎ ዝም ይበል። አከራይዋ ደረሰኙን ታያለች፤ ቀና ትላለች፤ የተማሪውን ምድጃ ታስታውሳለች። ይህ እንዲሆን ዝምታው በቂ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ጀማሪ ዝምታ ያስፈራዋል፤ መልሱን ቀድሞ ይናገራል። ሲናገረው መልሱ የእርሱ ይሆናል፤ የእርሱ የሆነውን ደግሞ ሁለቱም ተባብረው ይጥሉታል።

300 ብሯም ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም። ምግብ ቤቱ በቀን 50 እንጀራ ይወስድ ነበር። 50 በ6፣ 300። የቀረችው ዕዳ ከጠፋው ደንበኛ የአንድ ቀን ትርፍ ጋር እኩል ናት። ደንበኛው የሄደው በመብራቱ ምክንያት ብቻ ይሁን አይሁን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ሊረጋገጥ አይችልም። ልምምዱ ያለ ስሌት የተወው ነገር ይህ ነው። ሠልጣኙ 300 ብሯን እስከ መጨረሻው ሊያስከፍል ከሞከረ ከዚህ ግንብ ጋር ይላተማል። ሁለቱም ወገኖች አንዳንድ ነገር መተው ያለባቸው ቦታ ላይ ደርሰዋል፤ መተው ደግሞ በጥያቄ ብቻ አይመጣም።

ጊዜው ግን ይገጥማል። አንዷ በግንቦት መጨረሻ ትለቃለች፤ ሌላዋ በሰኔ አጋማሽ ትፈልጋለች። በመካከሉ ሁለት ሳምንት አለ፤ ለቀለም ይበቃል። ሁለቱም ግን ምክንያታቸውን ደብቀዋል፤ አንዷ በሀፍረት፣ ሌላዋ በፍርሃት። ወረቀቱ ሀፍረትንና ፍርሃትን በአንድ ዓይነት ቁልፍ አልቆለፋቸውም። ለአከራይዋ የተሰጠው መመሪያ «በአክብሮት ከተጠየቅሽ ተናገሪ» ይላል። ለተከራይዋ የተሰጠው «ለብቻሽ ካልሆነ አትናገሪ» ይላል። አንደኛው ቁልፍ ትዕግሥትን ያለማምዳል፤ ሁለተኛው ሠልጣኙን ተነስቶ ባለጉዳዮቹን ለየብቻ እንዲያነጋግር ያስገድደዋል።

ለየብቻ ማነጋገሩ የራሱ ወግ አለው። ከአንዷ ጋር 15 ደቂቃ ከተቆየ ከሌላዋም ጋር እንዲሁ ነው፤ የምታወራው የላትም ብሎ ማሳጠር አይቻልም፤ ውጭ የተቀመጠችው ሰዓቷን እያየች ነው። ማስታወሻው መሐሉ ላይ በመስመር ይከፈላል፤ በአንድ በኩል ሊነገር የሚችለው፣ በሌላው በኩል የማይነገረው ይጻፋል። ከመውጣቱ በፊት አስማሚው ይጠይቃል፦ «ከነገሩኝ ውስጥ ለእርሳቸው እንዳልነግር የሚፈልጉት የቱን ነው?» ጥያቄው «ልነግርላቸው እችላለሁ?» ከሚለው ይሻላል። «እችላለሁ?» ለተባለ «አይ» ማለት ይቀላል። «የቱን?» የተባለ ሰው ግን የነገረውን አንድ በአንድ ይመዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከፈራው በላይ ይፈቅዳል።

ከሥልጠናው ሁሉ እኔ ብዙ የምቆይበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አከራይዋ ገና ስትቀመጥ እንዲህ ትላለች እንበል፦ «ሌባ ናት! 9,000 ብር መብራቴን በልታ ቁጭ ብላለች!» አስማሚው ይህንን መልሶ መናገር አለበት። አንድ ሠልጣኝ «ሰረቁኝ ነው የሚሉት?» ይላል። ስድቡ አሁን በአስማሚው አፍ ሁለተኛ ተነገረ። ሌላው «በመብራት ጉዳይ አለመግባባት አለ ማለት ነው» ይላል። ይህ ለስላሳ ነው፤ ሴትየዋ ግን እንዳልተሰማች ታውቃለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «የመብራት ሂሳቡ 9,000 ብር ጨምሮብዎታል። እርስዎ ያልተጠቀሙበትን መክፈል አይፈልጉም። በትክክል ሰምቻለሁ?»

የሦስተኛውን አሠራር እንየው። ቁጥሩ አልተነካም፤ ሰው ገንዘቡን በትክክል ሲጠሩለት መሰማቱን ያውቃል። «ሌባ» ወጥቷል፤ በቦታው የገባው ማለዘቢያ ሳይሆን እርሷ የምትፈልገው ነገር ነው። ተከራይዋ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆኗ ቀርቷል፤ ሂሳቡና አከራይዋ ብቻ አሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ሰው ሳትቆጣ ልትሰማው ትችላለች። እርሷም ብትሆን ያልተጠቀመችበትን መክፈል አትፈልግም። ተጣዪዎቹ ሳያውቁት የመጀመሪያውን የጋራ መርሕ ሰምተዋል፤ የደረሰኞቹ ስሌት ኋላ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ የማረም መብት ይሰጣል። «አይ፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ያ ገመድ ቤቴን ያቃጥለዋል» ካለች፣ የእሳቱ ፍርሃት በሰላም በር ገባ። ብዙ ሠልጣኝ ይህንን ፍርሃት ተከራይዋን ለማስወጣት የተፈለገ ሰበብ አድርጎ ያልፈዋል። ፍርሃቱ ግን እውነት ነው፤ መፍትሔውም አንድ ኤሌክትሪሺያንና ወፈር ያለ ገመድ ነው።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ልበል። አከራይዋ ተከራይዋን «አንቺ» ትላለች፤ ተከራይዋ አከራይዋን «እትዬ» ትላለች። ይህ የግቢው ወግ ነው፤ አስማሚው አያርመውም። እርሱ ግን ሁለቱንም «እርስዎ» ይላል፤ ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ ፊርማው ድረስ። በዕድሜ ከእርሱ ያነሰችውን ልጅ «እርስዎ» ማለት ለብዙ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ሳያስበው «አንቺስ?» ይላል። በዚያች ቅጽበት ተከራይዋ ከወንበሯ ጋር ዝቅ ብላለች። ታዛቢው ሠልጣኝ ይህንን እንዲመዘግብ ይታዘዛል።

ታዛቢው አራተኛው ሰው ነው። ልምምዱ በአራት ሰው ይሠራል፦ አስማሚ፣ ሁለት ባለጉዳዮች፣ ታዛቢ። ታዛቢው አስተያየት አይጽፍም፤ የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል። ሲያልቅ መጀመሪያ የሚናገረው አስማሚ የነበረው ነው፤ ቀጥሎ ባለጉዳዮቹ፤ ቀጥሎ ታዛቢው፤ አሠልጣኙ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። አሠልጣኙ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ እርሱን ይደግማል። ባለጉዳዮቹ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «አፍሽን ያስከፈተሽ የትኛው ጥያቄ ነበር?» መልሱ ሁልጊዜ አስማሚው ይሆናል ብሎ ያሰበው አይደለም። ከዚያ ታዛቢው ወረቀቱን ገልጦ ጥያቄውን እንደተነገረው ያነበዋል። የተከራይን ሚና ይዞ የተቀመጠ ሠልጣኝም የሚማረው ትንሽ አይደለም። ሰው በደንብ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው በራሱ አካል ያውቀዋል።

በዕድሜ የገፉ፣ በሰፈራቸው ለዓመታት ያስታረቁ ሰዎች እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲገቡ ማየት ልዩ ነው። እስከ ጥግ ማድመጥ ያውቁበታል፤ ወጣቱ ሠልጣኝ ብዙ ልምምድ የሚፈጅበትን ዝምታ ይዘውት ይመጣሉ። የሚከብዳቸው ፍርዱን መያዝ ነው። «አንቺም ተይ፣ እርስዎም ይተዉ» የሚለው ቃል ከንፈራቸው ላይ ይደርሳል። ተጣዪዎቹን የሚያውቅ፣ ነገም አብሯቸው ለቅሶ የሚደርስ ሽማግሌ ይህንን ለማለት መብት አለው፤ ተግሣጹ ከፍቅር ጋር ነውና ይሰማል። ከፍርድ ቤት የተመደበ እንግዳ ሲለው ግን ትእዛዝ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ያንን ቃል ውጠው በቦታው ጥያቄ ሲያወጡ ሥራቸው ከማንም ይበልጣል።

ስምምነቱን መጻፍ የመጨረሻው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በካምፕ ዴቪድ አሜሪካኖቹ በግብጽና በእስራኤል መካከል የተጠቀሙበት ዘዴ እዚህ ይነሳል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ረቂቅ ይዞ ከመከራከር ይልቅ፣ አሸማጋዩ አንድ ረቂቅ ይጽፋል፤ ሁለቱን «ትቀበላላችሁ?» አይላቸውም፤ «የቱ ጋ ያማችኋል?» ይላቸዋል፤ አርሞ ይመለሳል። በ13 ቀን ውስጥ 23 ረቂቅ ተጽፏል። ለእንጀራ ጋጋሪዋና ለአከራይዋ ሦስት ይበቃል። በጽሑፉ ውስጥ «ተከባብረው ይኖራሉ» የሚል መስመር አይገባም፤ ያልተከባበሩ ዕለት ማን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅምና። የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፦ ተከራይዋ እስከ ግንቦት 30 ትቆያለች፤ ገመዱ በዚህ ሳምንት ይቀየራል፤ ወጪው የአከራይዋ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ከጭማሪው በወር 1,000 ብሩን ተከራይዋ ትከፍላለች፤ ስላለፈው አንዷ ከሌላዋ የምትጠይቀው ገንዘብ የለም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ስንት። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት የተመራ ከሆነ ችሎቱ ያጸድቀዋል፤ እንደ ፍርድም ይፈጸማል። ስለዚህ በቃላቱ መካከል ክፍተት ሊኖር አይገባም።

የስድቡ ነገር በወረቀት ላይ አይቋጭም። «ሌባ» የተባለው በጎረቤት ፊት ነው። ይቅርታው በአስማሚው ክፍል በአራት ግድግዳ መካከል ከተባለ ጎረቤት የሰማው ቃል በጎረቤት ጆሮ ይቀራል። ሠልጣኙ «ይቅርታ ይጠይቁ» ካለ ያገኘው ይቅርታ ሳይሆን ታዛዥነት ነው። ሊጠይቅ የሚችለው ተከራይዋን ነው፦ «ያ ቃል እንዲነሣልዎት ማን መስማት አለበት?» አከራይዋ ይህንን መልስ በጆሮዋ ትሰማለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ልምምዱ አይጽፍም፤ ሚናውን ለያዙት ሰዎች ይተወዋል።

ልምምዱ ከተሠራም በኋላ ይታረማል። የሼዱ ነገር በጋራው ወረቀት ላይ ቢሆን ሠልጣኞቹ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ ምንም አልጠየቁም። ሙሉ በሙሉ በግል ወረቀት ውስጥ ቢቀበር ደግሞ ማንም አያገኘውም፤ የሚያስጠይቅ ምልክት የለምና። በጋራው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ተከራይዋ ወረዳ ስትመላለስ ታይታለች የምትለው ዐረፍተ ነገር የገባችው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን ውስጥ አትገባም፤ ለሚያነብ ግን አለች። ከእርሷ ጋር የሚሄድ መመሪያም በተከራይዋ ወረቀት ግርጌ ተጨምሯል፦ አስማሚው «ወረዳ የሚመላለሱት ለምንድን ነው?» ብሎ በአከራይዋ ፊት ከጠየቀ፣ የመታወቂያ ጉዳይ ነው በዪ። ለብቻሽ ከጠየቀሽ፣ ስለ ሼዱ ንገሪው።